የሚያስተራርቁ፦ ዕርቅና እውነት በሐዋሳ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በሐይቋ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በሲዳማ ምድር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ከምባታው ለሥራና ለትምህርት መጥቶ ልጅ ወልዶባታል፤ ቀብሮባታልም። መሃል ከተማዋ ላይ ቅዱስ ገብርኤል አለ። ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን መንገዱን ይሞላዋል። በየሰፈሩ የመካነ ኢየሱስና የቃለ ሕይወት አጥቢያዎች አሉ፤ ከክርስቲያኑ የሚበዛው ፕሮቴስታንቱ ነው። ካቶሊኮችም የራሳቸው ሀገረ ስብከት አላቸው።

እንዲህ ባለች ከተማ ክርስቲያን የሆነ ሰው ሲጣላ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣላው ከክርስቲያን ጋር ነው። ዕርቁም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የሚያስተራርቁ ብፁዓን ናቸው» ይላል። ይህን ቃል እወደዋለሁ። ሰላም ወዳድ መሆን ቤት ቁጭ ብሎም ይቻላል። ማስታረቅ ግን ተነስቶ መሄድ ይጠይቃል። የሰው በር ማንኳኳት፣ ቁጣ መስማት፣ አንዳንዴም ተባርሮ መመለስ አለበት።

አሠራሩ ከቤተ እምነት ቤተ እምነት ይለያያል። በኦርቶዶክሱ ዘንድ የንስሐ አባት ዋናው ሰው ናቸው። መስቀላቸውን ይዘው በሁለቱ መሃል ይገባሉ፤ «ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ» ይላሉ። በፕሮቴስታንቱ ዘንድ የአጥቢያው ሽማግሌዎች ይህን ሥራ ይይዙታል። ከጌታ እራት በፊት የተጣላ ካለ እንዲታረቅ ይጠየቃል። በሁለቱም ዘንድ ጥሩ አስታራቂ መጀመሪያ ሁለቱን ለየብቻ ያዳምጣል። ሰው በተጣላው ሰው ፊት ልቡን አይከፍትም። ከዚያ የበደለው ይክሳል፣ የተበደለው ይቅር ይላል።

ችግሩ ያለው ካሳው ጋ ነው። ብዙ ሽማግሌ ቶሎ ወደ መተቃቀፉ መድረስ ይፈልጋል። «ተዉት፣ ይለፍ፣ ሰይጣን ነው» ይባላል። ነገሩ ተድበስብሶ ያልፋል። ማን ምን እንዳደረገ ሳይነገር እጅ ይጨባበጣሉ። እንዲህ ያለውን ዕርቅ ዕርቅ ለማለት ይከብደኛል። የተበደለው ሰው ቤቱ ገብቶ ብቻውን ያለቅሳል። መዝሙረ ዳዊት «ምሕረትና እውነት ተገናኙ» ሲል ሁለቱን አንድ ላይ ነው የጠራቸው።

የሲዳማ አባቶች ይህን ከብዙ ሰው በፊት ያውቁታል። በባህላቸው ሀላሌ የሚባል ነገር አለ፤ እውነት ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ በሶንጎ፣ ማለትም በሸንጓቸው፣ ሲቀመጡ የሚፈልጉት ሀላሌን ነው። የግጭት አፈታቱ አፊኒ ይባላል። ቃሉ «ሰምታችኋል ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው። ተናጋሪው ከመናገሩ በፊት ይህን ይጠይቃል፤ ተሰብሳቢው ይመልስለታል። ጆሮ ሳይሰጥ ፍርድ የለም። ከሲዳማ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ዛሬ ክርስቲያኖች ናቸው። እሑድ በቤተ ክርስቲያን የሚያስተምር ሰው በሌላው ቀን ሶንጎ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ሁለቱ ወንበሮች አንዱ ሌላውን ቢያስተምር የሚጠቅም ይመስለኛል።

ከተማዋ ያለፈችበት ቀላል አይደለም። ግንቦት 16 ቀን 1994 የሐዋሳን አስተዳደር ጉዳይ ይዘው ሰልፍ የወጡ ሲዳማዎች ሎቄ ላይ በጸጥታ ኃይሎች ተገደሉ። ስንት ሰው እንደሞተ ለዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። ሟችን በትክክል አለመቁጠር ራሱ ቁስል ነው። ሰኔ 2010 በፍቼ ጨምበላላ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ ሰሞን፣ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል ግጭት ተነሳ። ሰው ሞተ፣ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቀለ። ሐምሌ 11 ቀን 2011 የሲዳማ ዞን ራሱን የቻለ ክልል ይሁን ከሚለው ጥያቄ ጋር ተያይዞ ከተማዋና ዞኑ ዳግም ታመሱ፤ በዞኑ ውስጥ ንግድ ቤቶችና ቤተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፣ 98.5 በመቶው ክልልነትን መረጠ። ሰኔ ላይ የሲዳማ ክልል ተመሠረተ፣ ሐዋሳም መዲናው ሆነች።

በእነዚህ ቀናት ውስጥ የሚገድል ቃልም ነበር። ወሬ። «እነ እገሌ ሊመጡብን ነው» የሚል አንድ የፌስቡክ ጽሑፍ ሳይጣራ ሼር ይደረጋል። ሰው ይፈራል፤ የፈራ ሰው ዱላ ያነሳል። «በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ ለፍርድ ቤት ብቻ የተሰጠ አይመስለኝም። ስልክ የያዘ አውራ ጣትም ምስክር ነው። ሌላም የከበደ ነገር አለ። የራስን ወገን ጥፋት መናገር። የሌላውን ጥፋት ሁሉም ይዘረዝራል። «የእኛ ልጆችም አጥፍተዋል» ያለ ሰው ግን በዘመዱ ዘንድ ከሃዲ ይባላል። ሰባኪውም ይህን ስለሚያውቅ ብዙ ጊዜ በጥቅሉ ስለ ፍቅር ሰብኮ ይወርዳል።

በአገር ደረጃ በ2011 የዕርቀ ሰላም ኮሚሽን በአዋጅ ተቋቁሞ ነበር። ሰብሳቢው ካርዲናል ብርሃነ ኢየሱስ ነበሩ። አዋጁ ዕርቁ በእውነትና በፍትሕ ላይ እንዲመሠረት ይላል። በኋላ በ2014 የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ተቋቋመ።

ሰፈር ውስጥ ግን ትልቁ መድረክ የለቅሶ ድንኳን ነው። ዕድሩ ኦርቶዶክሱን፣ ፕሮቴስታንቱን፣ ካቶሊኩን፣ ሙስሊሙን አንድ ላይ ያስቀምጣል። ሳይነጋገሩ የቆዩ ጎረቤቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንድ ሰው ቡና ያቀብላል፣ ጨዋታ ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ መላክ ይቀላል።

በቅዳሴ ላይም ዲያቆኑ ምእመኑ እርስ በርሱ ሰላም እንዲባባል የሚያዝበት ሰዓት አለ። ሁሉም ወደ አጠገቡ ዘንበል ይላል። ለመቁረብ የተዘጋጀ ሰው ግን የተጣላው ካለ አስቀድሞ መታረቅ አለበት። የንስሐ አባቱ «ሂድና መጀመሪያ ታረቅ» ይሉታል። እንዲህ የተባለ ሰው ነጠላውን እንዳጣፋ ወደ ጎረቤቱ በር ይሄዳል።