«ንፋስ ይንካው» እና ሌሎች የቁስል ምክሮች

ሀረጎ ቁልቁለት ላይ ከሞተር ብስክሌት የወደቀ ወጣትም ሆነ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ እጁን ማሽን ያገኘው ሠራተኛ ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ምክር ይደርሰዋል። አንዳንዱ ምክር ከጉዳቱ የባሰ ያስከፍላል።

«ቡና ነስንሱበት፣ ደሙ ይቆማል።» ደሙን የሚያቆመው ሰውነት ራሱ ነው፦ ፕሌትሌት የተባሉ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት ይጣበቃሉ፣ ፋይብሪን የተባለ ፕሮቲን እንደ መረብ ይይዛቸዋል። ዱቄቱ ቁስሉን ከማቆሸሽ በቀር ትርፍ የለውም፤ አፈርና እበት ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስያን ያስገባሉ። ንጹሕ ጨርቅ ደርቦ ሳይለቁ መጫን ይሻላል።

«ንፋስ ይንካው፣ ይድረቅ።» እ.ኤ.አ. በ1962 ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር በአሳማዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል አየር ላይ ከደረቀው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ አበጅቷል። አዲሶቹ የቆዳ ሕዋሳት ከጠርዝ ተነስተው ወደ መሀል ይሳባሉ፤ ቁስሉ ከደረቀ ግን ከቅርፊቱ በታች እርጥብ መንገድ ሲፈልጉ ይዘገያሉ።

«ሽታ አመረቀዘው።» ሽቶ ተቀብታ ልትጠይቅ የመጣችው ጎረቤት ጥፋት የለባትም፤ ሳይታጠብ ፋሻውን የፈታው እጅ ግን አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ትንሽ መቅላትና ማበጥም መመርቀዝ አይደለም፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ሥራ ላይ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ከባሰ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ወደ ጤና ጣቢያ።

«አጥንት ጥብቅ ተደርጎ ካልታሰረ አይገጥምም።» እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። አጥንት ያለ ጠባሳ፣ የተጎዳውን በራሳቸው ዓይነት ተክተው ከሚድኑ ጥቂት የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው። በስብራቱ ዙሪያ የረጋው ደም በሳምንታት ውስጥ በለስላሳ ቲሹ (የሕዋሳት ስብስብ) ይተካል፣ ቲሹው ቀስ በቀስ ይጠነክራል፣ ቅርጹ እስኪስተካከል ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ትክክለኛ አቀማመጥ፣ አለመነቃነቅና ደም ነው። ወጌሻው በቀርከሃ ስንጥር ጥፍር አድርጎ ሲያስረው ያበጠው ሥጋ መፈናፈኛ ያጣል፤ ደም ያጣ ጡንቻ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሲዘረጉ ሕመሙ የማይቻል ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያው ተፈትቶ ሆስፒታል ይኬድ። «ታገሥ፣ እየገጠመ ነው» የሚባልበት ሰዓት አይደለም። ክንዱ ተሰብሮ የሄደ ልጅ ክንዱን አጥቶ የሚመለሰው እንዲህ ነው።

«ጉበት ሁልጊዜ ይተካል።» ጤነኛ ጉበት ሁለት ሦስተኛው ቢቆረጥ እንኳ መጠኑን ይመልሳል። በመጠጥ ወይም በሄፓታይተስ ለዓመታት ተጎድቶ የጠጠረ ግን ይህን አይችልም።

«ቆዳው ገጥሟል፣ ድኗል።» በሦስተኛው ሳምንት ጠባሳው ከጤነኛ ቆዳ ጥንካሬ ሩብ ገደማ ቢኖረው ነው፤ ከወራት በኋላም ከ80 በመቶ ገደማ አያልፍም። ስፌቱ የወጣለት ሠራተኛ በማግስቱ ኩንታል ልሸከም ሲል አለቃው ቢከለክለው ክፋት አይደለም።