ከአዳማ በአርሲ ደጋ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ፦ በመኝታ መኪና የሚደረግ ጉዞ

ከአዳማ ወደ ሐዋሳ የሚሄድ አብዛኛው መኪና የሚይዘው በሞጆና በባቱ የሚያልፈውን የስምጥ ሸለቆ መንገድ ነው። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላና በኮፈሌ ዞሮ ሻሸመኔ ላይ የሚወርደውን የደጋውን መንገድ ነው። ይረዝማል፤ ነገር ግን መኪናው ውስጥ ለሚያድር ሰው ጥዱን፣ ዝግባውንና ሐይቁን በአንድ ጉዞ የሚያገናኝ ከዚህ የተሻለ መንገድ በአካባቢው የለም። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል።

በአገራችን ከፋብሪካው ለመኝታ ተብሎ የተሠራ መኪና ብዙም አይታይም። የተለመደው ወንበሩ ተነሥቶ አልጋ የገባበት ሚኒባስ ወይም ጣሪያው ላይ ድንኳን የተጫነበት ላንድክሩዘር ነው። ውኃ ለአንድ ሰው በቀን 10 ሊትር ይያዛል። ለአራት ሰው የሁለት ቀን ውኃ 80 ኪሎ ይመዝናልና ጀሪካኖቹ ጣሪያ ላይ ሳይሆን ከአልጋው ሥር፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ይታሰራሉ። ከፍ ብሎ የተጫነ ውኃ ኩርባ ላይ መኪናውን ያጋድላል። ከስኮርታና ከክሪክ ሌላ ሁለት ታኮ አይቀሬ ነው።

አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። መንገዱ አዋሽ መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻግሮ በዴራና በኢተያ ይወጣል፤ አሰላ ላይ 2,400፣ በቆጂ ላይ 2,800 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ የተጫነ ሚኒባስ በትልቅ ማርሽ ከተገፋ ሞተሩ ይግላል። በቆጂ ላይ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ባቄላ በተራ ድስት ቶሎ አይበስልም፤ ለዚያ ሌሊት ሽሮ ወይም የቋንጣ ፍርፍር ይሻላል። ብርዱ ቢበረታም ከሰል ወደ መኪናው አይገባም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ሁለት መስኮት በጣት ስፋት ተከፍቶ ይታደራል።

በዶዶላ በኩል የጥድ ደን አለ፤ የሚጠብቁትም ዋጂብ የተባሉት የነዋሪዎች ማኅበራት ናቸው።

ኮፈሌ ከ2,600 ሜትር በላይ ናት። ከዚያ ወደ ሻሸመኔ ሲወረድ ፍሬን ተረግጦ ከተቆየ ሸራው ይግልና መያዝ ያቆማል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ገብቶ መኪናው በሞተር ይያዛል።

የጉዞው ልብ ከሻሸመኔ አጠገብ ያለው ወንዶ ገነት ነው። እዚህ በ1978 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የደን ኮሌጅ የአገሪቱን የደን ባለሙያዎች አፍርቷል፤ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የዛሬው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ከፍል ውኃው በላይ ባለው ተዳፋት ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ቀረሮና ብሳና አሁንም ቆመዋል፤ ጉሬዛም አለ። የቀረው ግን ጥቂት ነው፦ በሳተላይት ምስል የተደገፈ ጥናት የደቡብ ማዕከላዊ ስምጥ ሸለቆ የተፈጥሮ ደን በ1972 እ.ኤ.አ. ከነበረበት 16 በመቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ወደ 2.8 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። ስለዚህ ማገዶ ከደኑ አይለቀምም፤ ምግብ በጋዝ ብቻ ይበስላል። ጦጣና ዝንጀሮ ክፍት መስኮት አይምሩም።

ከዚህ ተዳፋት የሚወርዱት ጅረቶች በጨለለቃ ረግረግ አልፈው በጥቁር ውኃ ወንዝ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባሉ። ሐይቁ 1,690 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ ሲሆን ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ 22 ሜትር ይደርሳል። መውጫ ወንዝ የለውም፤ ያም ሆኖ ውኃው ጨው አለመሆኑ ከመሬት በታች ስለሚሰርግ ነው ይባላል። ባለፉት አሥርት ዓመታት የውኃው ከፍታ ለምን እንደ ጨመረ ተመራማሪዎች አልተስማሙም፤ አንዳንዶቹ የዝናብ ለውጥን፣ ሌሎቹ የደን መመናመንንና ከተራራው የሚታጠበውን ደለል ይጠቅሳሉ። ተራራው መራቆቱን ግን ደለል የሞላው ጨለለቃ ራሱ ይመሰክራል።

በሐይቁ ዳርቻ፣ አሞራ ገደል ላይ የቆሮሶና የአምባዛ ዓሣ ገበያ በጠዋት ይደራል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ከዓሣ አጥማጁ አይለዩም። ለማደር ግን መኪናው ከዳርቻው ራቅ ብሎ፣ ጥበቃ ባለው ግቢ ይቁም። ጉማሬ በሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፤ ወደ ውኃው የሚመለስበትን መንገድ የዘጋበትን ነገር ሁሉ ያጠቃል። ቄጠማው አጠገብ ያለው መሬት ላዩ ደርቆ ቢታይም ውስጡ ለስላሳ ነው፤ የሰመጠን ጎማ በነዳጅ መግፋት ይበልጥ ይቀብረዋል። አጎበር የግድ ነው። ቢልሃርዚያ ስላለ በዳርቻው አይዋኝም። የእቃና የገላ እጣቢ በጀሪካን ተጠራቅሞ ግቢው ውስጥ ባለ መጸዳጃ ጉድጓድ ይደፋል፤ ሐይቁ መውጫ ወንዝ ስለሌለው የገባበት ሳሙና ቶሎ አይወጣም።