የብድሩ መልእክት ሄደ፣ ብድሩ ግን አልጸደቀም፦ በጃቫ ወርክፍሎው ላይ ስለ ትራንዛክሽን የሚሳቱ ነገሮች

አንድ የሠራሁበት የብድር ሲስተም ነበር። በጃቫ፣ በስፕሪንግ (የጃቫ ማዕቀፍ) እና በካሙንዳ 7 (በሥዕል የተቀመጠ የሥራ ሂደትን የሚያስኬድ ሞተር) የተሠራ። ሥራ አስኪያጁ "አጽድቅ" ሲል ሲስተሙ ብሩን ሂሳብ ላይ ይመዘግባል፣ ለደንበኛው ኤስኤምኤስ ይልካል፣ ከዚያ ውሉን በፒዲኤፍ ያዘጋጃል። አንድ ቀን ፒዲኤፉ ላይ ስህተት ተፈጠረ። ደንበኛው "ብድርዎ ጸድቋል" የሚል መልእክት ደርሶታል፣ ዳታቤዙ ላይ ግን ብድሩ ገና ማጽደቅ ይጠብቃል። ኮዱን መስመር በመስመር አየነው። ችግሩ ስለ ትራንዛክሽን፣ ማለትም ሁሉም አብረው ስለሚጸኑ ወይም ሁሉም አብረው ስለሚሰረዙ የዳታቤዝ ለውጦች፣ የነበረን እምነት ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት፣ የሂደቱ ሥዕል ላይ ያለው እያንዳንዱ ሳጥን የራሱ ትራንዛክሽን ያለው ይመስለናል። የለውም። ካሙንዳ 7 የጠራውን ትሬድ (ኮዱ የሚሮጥበትን የሥራ መስመር) ይዞ ቀጥ ብሎ ይሮጣል፣ የሚቆመው የሚጠብቀው ነገር ሲያጋጥመው ነው፤ ለምሳሌ የሰው ሥራ፣ ታይመር ወይም ከውጭ የሚመጣ መልእክት። ኮሚት የሚያደርገው፣ ማለትም ለውጡን ዳታቤዙ ላይ የሚያጸናው፣ እዚያ ደርሶ ነው። ስለዚህ ማጽደቁም፣ ብሩም፣ ፒዲኤፉም አንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። የመጨረሻው ሲወድቅ ሁሉም ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ሥራውም ሥራ አስኪያጁ ዝርዝር ውስጥ ተመልሶ ተቀመጠ። ሰውየው "አጽድቄያለሁ" ብሎ ቢምል እውነቱን ነው።

መፍትሔው ሳጥኑ ላይ "አሲንክ ቢፎር" የሚለውን ምርጫ ማብራት ነው። ሞተሩ እዚያ ጋ ኮሚት ያደርግና ቀሪውን እንደ ጆብ ያስቀምጠዋል፣ ሌላ ትሬድ አንስቶ ይሠራዋል። ከወደቀ የሚመለሰው እስከዚያች ነጥብ ብቻ ነው። እንደ ነባሪ 3 ጊዜ ይሞከራል፣ ካልሆነ ኢንሲደንት ተብሎ ሰው እንዲያየው ይቀመጣል።

"ሮልባክ ሁሉንም ይመልሳል" የሚለው ደግሞ ከሁሉም የሚያስከፍል ነው። ሮልባክ የሚመልሰው ዳታቤዙን ነው። የተላከ ኤስኤምኤስ፣ ወደ ሌላ ሲስተም የሄደ የክፍያ ጥያቄ፣ እነዚህ የፈሰሰ ውሃ ናቸው። እኛ በመጨረሻ ያደረግነው መልእክቱን በቀጥታ መላክ ትተን በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ ላይ መጻፍ ነው፤ ኮሚት ከሆነ በኋላ ሌላ ጆብ አንብቦ ይልከዋል። ታዲያ ይህም ጆብ ልኮ "ልኬያለሁ" ብሎ ሳይመዘግብ ሊሞት ይችላል፣ ያኔ ሁለት ጊዜ ይልካል። ኤስኤምኤስ ሁለት ጊዜ ቢደርስ ብዙም አይጎዳም። ብር ከሆነ ግን እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ መለያ ቁጥር ይኑረው፣ ተቀባዩም ያንን ቁጥር ቀድሞ ካየው ዝም ብሎ ይለፈው። እባካችሁ ይህን ለኋላ አታቆዩት።

በነገራችን ላይ ቢፒኤምኤን (ሂደቱ የሚሣልበት መደበኛ የሥዕል ቋንቋ) ውስጥ በድርብ መስመር የሚሣለው "ትራንዛክሽን" ሳጥንም የዳታቤዝ ትራንዛክሽን አይከፍትም። ሲሰረዝ እናንተ የጻፋችኋቸውን የማካካሻ ሥራዎች ይጠራል። ካልጻፋችሁ የሚመለስ ነገር የለም።

ስፕሪንግ ላይ ደግሞ "ኤክሴፕሽን ከተነሳ ሮልባክ ይሆናል" ይባላል፤ ኤክሴፕሽን ማለት ኮዱ ሲሮጥ የሚነሳ ስህተት ነው። እንደ ነባሪ ሮልባክ የሚያደርገው ለራንታይም ኤክሴፕሽንና ለኤረር ብቻ ነው። እንደ አይኦ ኤክሴፕሽን ያለ ቼክድ ኤክሴፕሽን (ጃቫ ያዙት ወይም አውጁት ብሎ የሚያስገድደው) ከሜተዱ ቢወጣ ኮሚት ያደርጋል! "ሮልባክ ፎር" ብላችሁ ካልነገራችሁት አያውቅም። በዚያው ክላስ ውስጥ አንዱ ሜተድ ሌላውን ሲጠራም የተጠራው ላይ ያለው ትራንዛክሽናል አኖቴሽን አይሠራም፣ ምክንያቱም ጥሪው ስፕሪንግ ክላሱን በሚሸፍንበት ፕሮክሲ በኩል አላለፈም።

"ሪኳየርስ ኒው"፣ ማለትም የራስህን አዲስ ትራንዛክሽን ክፈት የሚለውን የስፕሪንግ ምርጫ፣ ማብዛትም መድኃኒት አይደለም። የመጀመሪያው ትራንዛክሽን ኮኔክሽኑን እንደያዘ ሁለተኛ ኮኔክሽን ይጠይቃል። የሂካሪ ፑል (የዳታቤዝ ኮኔክሽኖች የሚቀመጡበት) ነባሪ መጠን 10 ነው። 10 ትሬዶች አንድ አንድ ይዘው ሁለተኛውን ሲጠብቁ ማንም አይለቅም፣ 30 ሰከንድ ቆይቶ ስህተት ይዘንባል።

ሎግ ላይ ኦፕቲሚስቲክ ሎኪንግ ኤክሴፕሽን ያየ ሁሉም ይደነግጣል። ብዙ ጊዜ ባግ አይደለም፤ ሁለት ትይዩ ቅርንጫፎች መገናኛው ላይ እኩል ሲደርሱ ሞተሩ አንዱን አስቀድሞ ሌላውን ይመልሳል። ጆብ ከሆነ ራሱ ደግሞ ይሞክራል። ስህተቱ የመጣው ተጠቃሚው ቁልፍ በተጫነበት ትሬድ ላይ ከሆነ ግን ሞተሩ አይደግምላችሁም፣ እናንተ ናችሁ ይዛችሁ እንደገና የምትሞክሩት።