የሚያሸማቅቅ ቀልድ በመሀል አዲስ አበባ

የሚያሸማቅቅ ቀልድ ተመልካቹን በአንድ ጊዜ የሚያስቅና የሚያሳቅቅ የኮሜዲ ዓይነት ነው። ሳቁ የሚመነጨው ከብልህ መልስ አይደለም፤ አንድ ሰው ማፈር ሲገባው ሳያፍር ሲቀር፣ ዝም ማለት በሚገባው ሰዓት ሲናገር፣ ወይም በሰው ፊት ሲዋረድ ከሚፈጠረው ጭንቀት ነው። በዚህ ቀልድ በሳቅ የሚፈርሱ አሉ። ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው «ኧረ ቀይሩልኝ» የሚሉም አሉ። በአዲስ አበባ ሳሎኖች ሁለቱ ወገኖች ብዙ ጊዜ አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይገኛሉ።

በዓለም ደረጃ የዚህ ቀልድ ዝነኛ ምሳሌ ሪኪ ጀርቬይስና ስቲቨን መርቻንት የፈጠሩት «ዘ ኦፊስ» የተሰኘው የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በቢቢሲ መታየት ጀመረ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካው ቅጂ ተከተለ። ታሪኩ የሚካሄደው በአንድ ወረቀት አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ ራሱን እንደ ታላቅ ቀልደኛ ይቆጥራል፤ ሠራተኞቹ ግን የሚቀመጡበትን ያጣሉ። ከጀርባ የተቀዳ ሳቅ ስለሌለ ተመልካቹ መቼ መሳቅ እንዳለበት የሚነግረው የለም፤ ዝምታው ራሱ ያስጨንቃል። ነገሩ ለአዲስ አበባ ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። ኃላፊ በስብሰባ መሀል የማያስቅ ቀልድ ሲቀልድ አብሮ መሳቅ ግዴታ የሆነበት ሰው፣ የዚያን ቢሮ ድባብ ያለ አስተርጓሚ ይረዳል።

ሰው በሌላ ሰው ውርደት የሚሸማቀቀው ለምንድን ነው? በ2011 እ.ኤ.አ. በጀርመን የሚገኙ ተመራማሪዎች አሳፋሪ ሁኔታዎችን የሚያሳዩ ሥዕሎችን ለሰዎች እያሳዩ የአንጎላቸውን እንቅስቃሴ ተከታትለው ነበር። ስለ ሌላው ስናፍር የሚነቁት የአንጎል ክፍሎች፣ የሌላውን ሕመም ስናይ ከሚነቁት ጋር የሚዛመዱ ሆነው ተገኙ። የተዋረደው ሰው መዋረዱን ባያውቀው እንኳ ተመልካቹ ያፍርለታል። ይህ ግኝት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ቻናል የሚቀይረው ሰው «ቀልድ አይገባውም» የሚለውን የተለመደ ፍርድ ያፈርሰዋልና። ቀልዱ ገብቶታል። የሰውየው ውርደት ደግሞ ከሌሎች ይልቅ ጠልቆ ተሰምቶታል። ሌላው ተመልካች ያንኑ ጭንቀት ከሩቅ ሆኖ፣ ጉዳት እንደማይደርስ እያወቀ ስለሚቀበለው በሳቅ ይለቀዋል።

በአማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ ዘንድ ለዚህ ጭንቀት ዋናው ማገዶ ይሉኝታ ነው። እንግዳ ሲጋበዝ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ አይልም፤ ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫ ይነሳል፤ የቀረበ ጉርሻ አይመለስም። ደንቡ ሲጠብቅ ጥሰቱም የዚያኑ ያህል ያሸማቅቃል። ስለዚህ በዚህ ከተማ አንድን ሰው ለማሳፈር ብዙ ድካም አያስፈልግም።

ታሪኩም ረጅም ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ተብሎ የሚታወቀው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» በ1910ዎቹ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በቴራስ ሆቴል ታይቷል። በመድረኩ የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ የሚወቀሰው ግን የጊዜው አስተዳደር ነበር። ከተመልካቾቹ መካከል መኳንንት ስለነበሩ የሚቀለድበት ወገን ከቀልዱ ፊት ለፊት ተቀምጧል ማለት ነው። ተውኔቱ ታገደ። በኋላ በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተው የፒያሳው ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር ጋር ኮሜዲ ቋሚ መድረክ አገኘ።

ከቲያትር ቤቱ ውጪ ግን ይህን ቀልድ አንጥረው ያቆዩት አዝማሪ ቤቶች ናቸው። በአዝማሪ ቤት አንድ ታዳሚ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው በመሰንቆው ያንኑ ያዜማል። ስንኙ ስለ ሌላው እንግዳ ሆድ፣ ስለ ስስቱ ወይም ይዟት ስለመጣት ሴት ሊሆን ይችላል። ቤቱ ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል። ተነካሁ ያለው ሰው መሳቅ፣ በራሱ «ተቀበል» መመለስ፣ ወይም አዝማሪው ግንባር ላይ ብር ለጥፎ ነገሩን ማለፍ ይችላል። ማኩረፍ ግን ሌላ ዙር ስንኝ ይጠራል። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በስፋት ሲፈርስ ይህ ልማድ የኖረበት ሰፈርም አብሮ ተበትኗል፤ በልማዱ ላይ የደረሰ እውነተኛ ጉዳት እንደሆነ አምናለሁ።

የሰፈር ልጆች ተረብም የዚሁ ዘመድ ነው። ሁለት እኩዮች ተራ በተራ አንዱ የሌላውን ጫማ፣ ቁመት፣ የቤቱን ድህነት ሳይቀር እያነሱ ይጠዛጠዛሉ፤ ዙሪያውን የቆመው በሳቁ ይፈርዳል። ለአዝማሪውም ለተረቡም አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ የተነካው ሰው አፍ አለው። በአለቃ ገብረ ሐና ስም ከሚነገሩት ጨዋታዎች አንዱም ይህንኑ ያሳያል። አለቃ አህዮች ስትነዳ ያገኟትን ሴት «እንደምን አደርሽ፣ የአህዮች እናት?» ቢሏት «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ» አለቻቸው ይባላል። ይህን ቀልድ የማይወድ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ምክንያቱም ሴትየዋ ታሸንፋለች።

በ1980ዎቹና ከዚያ ወዲህ ልመንህ ታደሰ፣ እንዲሁም ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በመድረክ፣ በካሴትና በቴሌቪዥን ኮሜዲን ወደየቤቱ አስገቡ። በዘመኑ ኮሜዲ ውስጥ ከገጠር የመጣ ሰው ግራ መጋባትና የአነጋገር ዘዬ ተዘውታሪ የሳቅ ምንጭ ነበሩ። ዛሬ እነዚያኑ ቀልዶች ሲሰሙ አባቶች እንደ ድሮው ሲስቁ ልጆች ሲሸማቀቁ ይታያል። በሌሎች ቀልዶች ደግሞ ተራው ይገለበጣል፤ በስልክ የሚተላለፈው የወጣቶች ቀልድ ወላጆችን ከክፍሉ ያስወጣል።

ጣዕም አጥብቆ የሚከፋፈለው በድብቅ ካሜራ ላይ ነው። ዘዴውን በቴሌቪዥን የጀመረው አሜሪካዊው አለን ፈንት ሲሆን ዓመቱ 1948 እ.ኤ.አ. ነው። በአዲስ አበባም በበዓል ዝግጅቶች ይታይ የነበረው ልማድ አሁን ወደ ዩቲዩብ ተዛምቶ በፒያሳና በመስቀል አደባባይ መንገደኞች ላይ ይሠራል። አንድ ወጣት በዕድሜ የገፉ አባት አጠገብ ቆሞ እንደሚያውቃቸው ሰው ያቅፋቸዋል፤ እሳቸው አላወቅሁህም ማለት ይከብዳቸዋል፤ «ቤተሰብ ደህና ነው?» እያሉ ይጨነቃሉ። እዚህ ላይ የሚሳቀው በጨዋነታቸው ነው። ተረበኛው ባላንጣ አለው፣ አዝማሪው መልስ ይጠብቃል፤ እኚህ አባት ግን ጨዋታ ውስጥ መግባታቸውን እንኳ አያውቁም። ብዙ ሰው ይህን እያየ የሚሳቀቀው በቂ ምክንያት ይዞ ነው።

ሕጉም በዚህ ረገድ ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል፤ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎችም ቀጥሎ ያስቀምጣል። ጥንቁቅ አዘጋጆች ቀረጻው እንዳለቀ ካሜራውን ለሰውየው አሳይተው ፈቃዱን ይጠይቃሉ። ይሁንና በተሰበሰበ ሰው መሀል፣ ሁሉም እየሳቀ «ይተላለፍ?» ሲባል፣ አይሆንም ለማለት የሚከለክለው ያው ይሉኝታ ነው። ፈቃዱን ከሰዓታት በኋላ፣ ብቻውን ሆኖ መጠየቅ ለአዘጋጁ የሚያስወጣው ወጪ አንድ የስልክ ጥሪ ነው።