የጅማ አንባቢዎችና የጃፓን የጉርምስና ፍቅር ማንጋ

ማንጋ በጃፓን በመጽሔትና በመጽሐፍ የሚታተም ተከታታይ የሥዕል ታሪክ ነው። ከዘርፎቹ አንዱ የትምህርት ቤት ልጆች ሲዋደዱ፣ ሲተፋፈሩና ማን እንደሆኑ ራሳቸውን ሲጠይቁ ያሳያል። ይህ ዘርፍ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ጅማም የራሱ አንባቢዎች አሉት። ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ ከየክልሉ የሚመጡ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አሉበት። ከዚህ በታች የሚቀርበው የታሪኮቹ ዝርዝር ሳይሆን አንባቢዎቹ ለታሪኮቹ የሚሰጡት ምላሽ ነው፦ ምን ያስለቅሳቸዋል፣ ምን ያበሳጫቸዋል፣ በምንስ ይከራከራሉ? ታሪኮቹ የጃፓን ቢሆኑም ጅማ ላይ የሚነበቡት በይሉኝታ ውስጥ ባደገ ልብ ነው። ከሌሎች የውጭ የፍቅር ታሪኮች ይልቅ ቅርብ ሆነው የተገኙትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

የዘርፉ መነሻ

ለልጃገረዶች ተብሎ የሚዘጋጀው ማንጋ ሾጆ ይባላል። ለዘርፉ ትልልቅ ከሚባሉት መጽሔቶች ናካዮሺ እ.ኤ.አ. በ1954፣ ሪቦን ደግሞ በ1955 መታተም ጀመሩ። የማንነት ጥያቄ ከመነሻው አብሮ ነበር። የማንጋ ሠዓሊው ቴዙካ ኦሳሙ እ.ኤ.አ. በ1953 የጀመረው ታሪክ የወንድም የሴትም ልብ ይዛ ስለተወለደችና ዙፋን እንዳታጣ እንደ ልዑል ስላደገች ልዕልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዘርፉን ሴት ሠዓሊዎች በእጃቸው አስገቡት። ኢኬዳ ሪዮኮ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1973 ባወጣችው «የቬርሳይ ጽጌረዳ» ውስጥ ኦስካር የምትባለው ልጅ የጄኔራል ልጅ ናት፤ ወንድ ልጅ ያላገኘ አባቷ እንደ ወንድ አሳድጎ ለንጉሣዊ ዘበኛ አዛዥነት ያበቃታል።

በጃፓን አንባቢ ዝም ብሎ ተቀባይ አይደለም። በብዙ መጽሔቶች ውስጥ የፖስታ ካርድ ይታተማል፤ አንባቢው የወደዳቸውን ታሪኮች መርጦ ይልካል፣ አዘጋጆቹም ቆጥረው የትኛው እንደሚቀጥልና የትኛው እንደሚቋረጥ ይወስናሉ። ጅማ ላይ ያለው አንባቢ ይህ ዕድል የለውም። ብዙ ጊዜ ታሪኩ እጁ የሚገባው ካለቀ ከዓመታት በኋላ ነው፤ የሚሰማውንም የሚናገረው ለደራሲው ሳይሆን አጠገቡ ለተቀመጠው ጓደኛው ነው። ክርክሩ ሞቅ ያለውም፣ ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ ራስ ሕይወት ቶሎ የሚገባውም ስለዚህ ይመስለኛል።

ወደ ጅማ የመጣበት መንገድ

ብዙዎች ማንጋን ያወቁት በተንቀሳቃሽ ሥዕል፣ ማለትም በአኒሜ በኩል ነው። በሳተላይት ዲሽ የሚገቡት ስፔስቱንና ኤምቢሲ 3 የጃፓን አኒሜን በዓረብኛ እያሰሙ ያቀርቡ ስለነበር፣ በተለይ ዓረብኛ በሚሰማባቸው ቤቶች ያደጉ ልጆች ከማንበባቸው በፊት የማየት ልምድ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን ደግሞ የቱርክ የፍቅር ድራማዎችን በአማርኛ እያሰማ፣ ተከታታይ የፍቅር ታሪክን በየዕለቱ የመጠበቅን ልማድ በየቤቱ አስፋፍቷል።

ንባቡ ራሱ የሚካሄደው በስልክ ነው፤ የታተመው ቅጽ እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። አንዱ ያወረደውን ምዕራፍ ለሌላው በቴሌግራም ወይም ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ ያስተላልፋል። የሚነበበው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ሲሆን አብዛኛው ቅጂም ያለ አሳታሚ ፈቃድ የተሠራጨ ነው። የጃፓኑ አሳታሚ ሹኤይሻ እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረው ማንጋ ፕላስ የበርካታ ታሪኮችን የመጀመሪያና የቅርብ ምዕራፎች በነጻ ያስነብባል፤ ነገር ግን በሚያቀርባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛም አፋን ኦሮሞም የለም።

አንድ ትንሽ ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ማንጋ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ጀማሪ አንባቢ መልሱን ከጥያቄው አስቀድሞ እያነበበ ግራ ይጋባል። መድረሳ የተማረ የጅማ ልጅ ግን ዓይኑ ቀድሞ ስለለመደ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይቀናዋል፤ አጠገቡ ለተቸገረው የክፍል ጓደኛውም በጣቱ እየጠቆመ የሥዕል ሳጥኖቹን ቅደም ተከተል ያሳየዋል።

ቃል እስኪወጣ ያለው ጥበቃ

የዘርፉ እምብርት ፍቅር የሚገለጽበት ቅጽበት ነው። ልጁ ወይም ልጅቷ ሌላውን ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ወይም ከሕንጻው ጣሪያ ላይ ጠርተው «እወድሃለሁ» ወይም «እወድሻለሁ» ይላሉ፤ ከዚያ በፊት ግን በርካታ ቅጾች ያልፋሉ። ሺና ካሩሆ የሠራችውና በ30 ቅጾች የተጠናቀቀው «ኪሚ ኒ ቶዶኬ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሳዋኮ የምትባለው ዝምተኛ ልጅ ረጅም ጥቁር ፀጉር ስላላት የክፍል ጓደኞቿ የአስፈሪ ፊልም ገጸ ባሕርይ ስም አውጥተውላታል፤ ዓይኗን ያየ ክፉ ነገር ይደርስበታል የሚል ወሬም ይናፈሳል። ካዜሃያ የሚባለው ተወዳጅ ልጅ ብቻ ሳይሸሽ ያናግራታል።

ይህን ታሪክ የሚያነብ የጅማ ልጅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቡዳ ናት ተብላ የምትታማ፣ ምግብ ስትቀርብ ሰው ሁሉ የሚሸፋፈንባት ልጅ ምን እንደሚሰማት ሰምቶ ወይም አይቶ ያውቃል። ሳዋኮ ስሟን ለማጥራት አትጮህም፤ ሰዎች እንዳይጨነቁ ብላ ራሷ ትርቃለች። አንዳንዶች በዚህ ቦታ ይናደዱባታል፤ ለምን አትናገርም ይላሉ። ሌሎች ግን፣ በተለይ ልጃገረዶች፣ ያቺን ልጅ ከራሳቸው ለይተው አያዩአትም። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ሳዋኮ ካዜሃያን የወደደችው መልከ መልካም ስለሆነ ሳይሆን በሰው ፊት በስሟ ስለጠራት ነው ብላ ስትከራከር ሰምቻለሁ። ስለዚህ መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ አስተያየት አላጋጠመኝም።

ትዕግሥት የሚያልቅባቸውም አሉ። ሁለት ሰዎች ሠላሳ ገጽ ሙሉ ተያይተው ሳይነጋገሩ ሲለያዩ ስልኩን አልጋ ላይ ወርውሮ የሚነሣ አንባቢ በየዶርሙ አይጠፋም። ያው አንባቢ ግን ማታ ተመልሶ ይከፍተዋል። የሚያበሳጨው ዝምታ የራሱ ዝምታ ስለሆነ ይመስለኛል። የአሜሪካ የወጣቶች ፊልም ሲመለከት ገና በሁለተኛው ትዕይንት የሚሳሳሙትን ልጆች እንደ ሌላ ዓለም ሰዎች ያያቸዋል፤ እጅ ለመያዝ ሦስት ቅጽ የሚፈጅባቸውን ግን ያውቃቸዋል።

ትልቁ ክርክር የሚነሣው ሴቷ ቀድማ ስትናገር ነው። በጃፓን ሴቶች የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን፣ ለሚወዱት ቸኮሌት ይሰጣሉ፤ ወንዶቹ ከወር በኋላ መልሱን ይሰጣሉ። በማንጋው ውስጥም ቀድማ ልቧን የምትገልጸው ብዙ ጊዜ ልጅቷ ናት። ጅማ ላይ ይህ ገጽ ሲደርስ ንባቡ ይቆማል። ራሷን አቀለለች የሚሉ አሉ፤ ከመታማት መጠበቅ ይሻላታል የሚሉም አሉ። ደፋርነቷን የሚያደንቁ ልጃገረዶች ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚናገሩት። ይህ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ለእኔ ከክርክሩ ሁሉ የከበደ ምስክር ነው።

ያልተነገረ ፍቅር የሚያልፍበት ዕቃም ይነጻጸራል። የጃፓን ተማሪ ደብዳቤውን በትምህርት ቤቱ መግቢያ ካለው የጫማ ሣጥን ውስጥ ይጥላል። እዚህ የጫማ ሣጥን የለም፤ ደብተር ግን አለ። ማስታወሻ ለመገልበጥ ብሎ ደብተር መዋስ፣ ሲመልሱ ከመካከለኛው ገጽ አንዲት የታጠፈች ወረቀት መተው ከስልክ በፊትም የነበረ፣ ዛሬም ጨርሶ ያልጠፋ ዘዴ ነው።

ከታሪኩ አንባቢውን የሚያመልጠውም አለ። በማንጋ ውስጥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በአንድ ጃንጥላ ሥር ሲሄዱ ጓደኞቻቸው ይሳለቁባቸዋል፤ በጃፓን ልጆች ከጃንጥላ ሥዕል ሥር የሁለት ሰዎችን ስም ሲጽፉ ይዋደዳሉ ማለታቸው ነው። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚወርድባት ጅማ ግን ጃንጥላ የያዘ ሰው ያልያዘውን ማስጠጋቱ ደግነት እንጂ ሌላ አይደለም። አንባቢው ገጾቹን አልፎ ይሄዳል፤ ልጅቷ ለምን ፊቷ እንደቀላ የሚገባው ዘግይቶ ነው።

ይቅርታና ሽማግሌ

በጅማ አንባቢዎች ዘንድ እጅግ ከሚያከራክሩት አንዱ ኦይማ ዮሺቶኪ የሠራችው «ኮኤ ኖ ካታቺ» ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2014 በተከታታይ ወጥቶ በ7 ቅጾች አልቋል። ሾያ የሚባል የስድስተኛ ክፍል ልጅ መስማት የተሳናትን አዲስ ተማሪ ሾኮን ያሠቃያል፤ የመስሚያ መሣሪያዋን ይነጥቃል፣ ከሰው ጋር የምትግባባበትን ደብተር ውኃ ውስጥ ይጥላል። እርስዋ ትምህርት ቤቱን ለቅቃ ከሄደች በኋላ ክፍሉ በተራው እርሱን ያገልለዋል። ከዓመታት በኋላ የምልክት ቋንቋ ተምሮ፣ ደብተሯን ይዞ ይቅርታ ሊጠይቃት ይመጣል።

ያቺ ደብተር የሚያነባትን ሁሉ ትይዛለች። ከዚያ በኋላ አንባቢው ይከፈላል። አንደኛው ወገን ሾኮ ቶሎ ይቅር ማለቷን አይወድም፤ በደል የደረሰባት እርስዋ ሆና ሳለ ይቅርታ የምትጠይቀውም እርስዋ መሆኗ ያንገበግበዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሽማግሌ የት አለ ብሎ ይጠይቃል። እዚህ አንድ ልጅ የሰው ልጅ ቢጎዳ ነገሩ የሁለት ልጆች ጉዳይ ሆኖ አይቀርም፤ ቤተሰብ ይገባበታል፣ ሽማግሌ ተልኮ በዳይ ተበዳይ ፊት ይቆማል፣ ካሳ ካለ ይነገራል። በኦሮሞ ባህል ጃርሱማ የሚባለው ሽምግልናም ይኸው ነው። በታሪኩ ውስጥ የሾያ እናት የተሰባበሩትን መሣሪያዎች ዋጋ ትከፍላለች እንጂ ልጆቹን አቀራርቦ የሚያስታርቅ ትልቅ ሰው አይታይም። ለዚህ ነው ብዙዎች ሾያን የሚያዝኑለት፦ ያለ ሽማግሌ ለመታረቅ የተገደደ ልጅ አድርገው ያዩታል። ይህ አነባበብ ከጅማ ውጭ ብዙም የሚሰማ አይመስለኝም፤ መጽሐፉን እንደገና እንዳነበው አድርጎኛል።

መጨረሻውም ያነጋግራል። የሁለቱ ግንኙነት ፍቅር መሆን አለመሆኑ ሳይነገር፣ ሁለቱ በር ከፍተው ሲገቡ ታሪኩ ይዘጋል። በዛብህና ሰብለ ወንጌል በሞት የሚለያዩበትን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በትምህርት ቤት ያነበበ ሰው የፍቅር ታሪክ በጋብቻ ወይም በመቃብር እንዲያልቅ ይጠብቃል። በር ከፍቶ ገብቶ የሚያልቅ ታሪክ ለአንዳንዱ ጎዶሎ ነው።

እኔ ማን ነኝ?

የማንነት ጥያቄ በጅማ በመጀመሪያ የሚነካው ቤትና ደጅ ሁለት የሆኑባቸውን ልጆች ነው። እቤት አፋን ኦሮሞ ወይም ሌላ ቋንቋ፣ ከጓደኛ ጋር አማርኛ፣ በመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ፤ በአንዱ ቀልደኛ፣ በሌላው ዝምተኛ የሆነ ልጅ ብዙ ነው። በትምህርት ቤት አንድ ሰው፣ በቤቱ ሌላ ሰው ሆኖ የሚኖር የማንጋ ገጸ ባሕርይ ለእንዲህ ዓይነቱ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ሃይማኖታቸው የተለያየ ልጆች ደግሞ በየታሪኩ ውስጥ የማያገኙትን አንድ ነገር ያነሣሉ። በማንጋ ውስጥ ሁለት የሚዋደዱ ልጆችን እምነት አይለያያቸውም፤ ጅማ ላይ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ሆነው ሰው በፍቅር ቢኖርም፣ ለጋብቻ ሲሆን የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው።

ስለ ፆታ ማንነት የሚያነሡ ታሪኮች ሲመጡ ምላሹ ይለወጣል። ብዙ አንባቢ በእምነቱ ምክንያት ገጹን ይዘጋል፤ ይህንንም በግልጽ ይናገራል። አንብቦ የሚጨርስ ቢኖርም ስለዚያ በጉባኤ አያወራም። የ«ቬርሳይ ጽጌረዳ»ዋ ኦስካር ግን በሁለቱም ወገን ትወደዳለች፤ ሰይፍ የምትይዝ፣ የአባቷን ትእዛዝ የተሸከመች ሴት በመሆኗ ከጀግኖች ተርታ ትገባለች።

ወላጅ፣ መምህርና ፈተና

ወላጆች በአብዛኛው ማንጋን ከልጆች ካርቱን ለይተው አያዩትም። የሚቃወሙትም ይዘቱን ሳይሆን ስልኩን ነው፤ በዚህ ደግሞ ምክንያት አላቸው። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተናውን በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እያደሩ መፈተን ጀመሩ፤ በዚያ የመጀመሪያ ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ቁጥር ከሰማች እናት ፊት ስለ ሳዋኮ መናገር ከባድ ነው።

ነገር ግን ፈተና በእነዚህ ማንጋዎች ውስጥም ዋና ገጸ ባሕርይ ነው። በጃፓን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የመጨረሻ በሆነው በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ፍቅረኞች ወደተለያየ ከተማ፣ ወደተለያየ ዩኒቨርሲቲ ሊለያዩ ነው። አንዱ ለሌላው ሲል ቅርብ ያለውን ይመርጣል፣ ሌላው ደግሞ አይሆንም ሂጂ ይላታል። ጅማ ላይ ምደባ የሚጠብቁ ተማሪዎች እነዚህን ምዕራፎች በተለየ ጥንቃቄ ያነባሉ፤ አንዱ ጎንደር፣ አንዷ ሐዋሳ ሊደርሳቸው እንደሚችል ያውቃሉና። የሩቅ ፍቅር ይቆያል ወይስ አይቆይም የሚለው ክርክር ያን ጊዜ ስለ ጃፓን ልጆች መሆኑ ያበቃል። አንዳቸውም ግን ይህንን ጮክ ብለው አይሉም፤ ስለ ገጸ ባሕርያቱ እንደሚያወሩ ሆነው ይቀጥላሉ።