የአሌጌኒ ካውንቲ ፍርድ ቤት፣ ፒትስበርግ

አሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ባለችው ፒትስበርግ ዳውንታውን (መሃል ከተማ) ግራንት ስትሪት ላይ ስትሄዱ ከመስታወት ፎቆቹ መሃል ከላይ እስከ ታች ጥርብ ድንጋይ የሆነ ትልቅ ሕንፃ ፊታችሁ ይገተራል፣ የአሌጌኒ ካውንቲ ፍርድ ቤት እሱ ነው። በአማርኛ አንድ ቦታ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ስላላገኘሁ ነው ይሄን ያዘጋጀሁት (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ካውንቲው (በክፍለ ግዛቱ ስር ያለ የአስተዳደር አካባቢ ማለት ነው) ራሱ የተቋቋመው በ1788 ከዌስትሞርላንድና ከዋሽንግተን ካውንቲዎች ተቆርሶ ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት አሁን ማርኬት ስኩዌር የሚባለው ቦታ ላይ ነበር። ሁለተኛው ግራንት ኮረብታ ላይ በጆን ቺስሌት ንድፍ የተሠራ፣ ፊቱ እንደ ግሪክ ቤተ መቅደስ በዓምድ የተደረደረ ሕንፃ ነበር፣ ሜይ 7 ቀን 1882 በእሳት ወደመ።

ዋናው ታሪክ የሚጀምረው ከቃጠሎው በኋላ ነው። ካውንቲው አርክቴክቶች ጋብዞ አወዳደረና ሄንሪ ሆብሰን ሪቻርድሰን አሸነፈ። ሪቻርድሰን ሉዊዚያና ተወልዶ ፓሪስ የተማረ ሰው ነው፣ ስሙ የገነነው ቦስተን ባለው ትሪኒቲ ቤተ ክርስቲያን ነው። የድሮ የፈረንሳይና የስፔን አብያተ ክርስቲያናትን ክብ ቅስትና ወፍራም ግድግዳ ወስዶ የራሱ ስላደረገው ስልቱ እስከ ዛሬ በሱ ስም ሪቻርድሶኒያን ሮማኔስክ ይባላል። ግንባታው በ1884 ተጀመረ፣ ሥራውን የያዙት ኖርክሮስ ወንድማማቾች የሚባሉ የማሳቹሴትስ ኮንትራክተሮች ሲሆኑ ሮዝ መሰሉ ግራናይትም የመጣው ከዛው ከማሳቹሴትስ፣ ከሚልፎርድ ነው።

ሰው በብዛት የሚያየው የድንጋዩን ግዝፈት ነው፣ እኔ ግን የሕንፃው ብልሃት ብርሃንና አየር ላይ ነው ባይ ነኝ። የዛን ጊዜዋ ፒትስበርግ በብረት ፋብሪካ ጭስ የታፈነች ከተማ ነበረች፣ ኤሌክትሪክ መብራትም ገና ጀማሪ ነው። ሪቻርድሰን ሕንፃውን መሃሉ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን አደረገው፣ ስለዚህ ክፍሎቹ ብርሃን የሚያገኙት ከመንገዱም ከውስጥ ግቢውም በኩል ነው። 249 ጫማ (76 ሜትር ገደማ) የሚረዝመው የፊት ማማም ለግርማ ብቻ የቆመ አይደለም፣ ጭሱ ከሚሳሳበት ከላይ አየር ስቦ ወደ ታች ወደ ሕንፃው ያስገባ ነበር። ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ዋናው ደረጃ አለ፣ ቅስት በቅስት ላይ እየተደራረበ ሲወጣ አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም።

ከኋላ በኩል እስር ቤቱ አለ፣ በ1886 ያለቀው እሱ ቀድሞ ነው። ጌጥ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል፣ ያልተስተካከለ ግዙፍ ድንጋይ ብቻ ነው፣ መሃሉ ላይ ባለ ስምንት ማዕዘን ጥበቃ ቦታ አለ፣ የእስረኞቹ ክንፎች የሚወጡት ከዛ ነው። ሁለቱን ሕንፃዎች ሮስ ስትሪትን ተሻግሮ የሚያገናኘው የድንጋይ ድልድይ ቬኒስ ባለው ድልድይ ስም የሲቃ ድልድይ ይባላል፣ እስረኛ ችሎት የሚቀርበው በሱ አቋርጦ ነበር። አንዳንዶች ከፍርድ ቤቱ ይልቅ እስር ቤቱ ይበልጣል ይላሉ፣ በዚህ ላይ ክርክሩ ያለቀ አይመስለኝም።

ሪቻርድሰን መጨረሻውን አላየም። በኩላሊት በሽታ ሲሰቃይ ቆይቶ ኤፕሪል 27 ቀን 1886 በ47 ዓመቱ አረፈ፣ ቢሮውን የወረሱት ሼፕሊ፣ ሩታንና ኩሊጅ በ1888 ጨረሱት። በሥራዎቹ መሃል ይሄኛው ታላቁ እንደሚሆን ራሱ ያምን ነበር ይባላል፣ ትክክል ነበር። የቶሮንቶ የድሮ ማዘጋጃ ቤትና የሚኒያፖሊስ ማዘጋጃ ቤት ከዚህ ሕንፃ የተማሩ መሆናቸው ሲታዩ ያስታውቃል።

እስር ቤቱ በጣም የተወራለት በጃንዋሪ 1902 ነው። ሞት የተፈረደባቸው ወንድማማቾች ኤድ እና ጃክ ቢድል አመለጡ፣ መጋዝና ሽጉጥ ያስገባችላቸው የእስር ቤቱ ኃላፊ ሚስት ኬት ሶፈል ነበረች፣ አብራቸውም ጠፋች። በማግስቱ በትለር ካውንቲ ውስጥ ተደረሰባቸው፣ ወንድማማቾቹ ቆስለው ሞቱ፣ እሷ ተርፋ ታሰረች። ከዛ በኋላ እስር ቤቱን ፍሬድሪክ ኦስተርሊንግ አስፋፋው።

ሕንፃውን ለማየት የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት፣ ዛሬ የሚገባበት በር ሪቻርድሰን የሠራው መግቢያ አይደለም። ሕንፃው ያለበት ግራንት ኮረብታ ለትራፊክ ከባድ ነው ተብሎ በ1910ዎቹ መጀመሪያ ተቆርጦ ዝቅ ሲል ዋናዎቹ በሮች አየር ላይ ቀሩ፣ ለነሱ ትልቅ የውጭ ደረጃ ተሠራ፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ መንገዱ ሲሰፋ ደረጃውም ፈረሰና ቅስቶቹ ወደ ታች ተዘረጉ። አሁን የምንገባው ድሮ ምድር ቤት በነበረው በኩል ነው፣ እውነተኛው ወለል አንድ ፎቅ ወደ ላይ ነው። ፊት ለፊቱ የቆመው የፍሪክ ሕንፃም ማማው ከሩቅ እንዳይታይ ጋርዶታል፣ እኔን ሁሌም የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

በ1976 ፍርድ ቤቱና እስር ቤቱ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብለው ተመዘገቡ። እስረኞቹ በ1995 ወደ አዲስ እስር ቤት ተዛወሩ፣ የድሮው በ2000 የቤተሰብ ጉዳይ ችሎት ሆነ፣ ጥቂት የእስረኛ ክፍሎች ግን ለጎብኚ እንዳሉ ተትተዋል። ፍርድ ቤቱ ዛሬም ሥራ ላይ ነው፣ ፏፏቴ ያለበት የውስጥ ግቢም ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ሰው ምሳውን ይዞ ይቀመጥበታል፣ ማማውን ቀና ብሎ ለማየት ከመንገዱ ይልቅ እዛ መቆም ይሻላል።