የሁለት ቤተሰብ ሜዳሊያ፦ ሊክተንስታይን በክረምት ኦሎምፒክ

ሊክተንስታይን በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ መሃል የተወሸቀች ትንሽ አገር ናት። ስፋቷ 160 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሕዝቧ ቢበዛ 40 ሺህ ገደማ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ጦር ሠራዊትም የላትም፤ በ1868 እ.ኤ.አ. ተበተነ፣ በዚያው ቀረ። ዋና ከተማዋ ቫዱዝ ናት። ርዕሰ ብሔሯ ልዑል ነው። ሕዝቡ ጀርመንኛ ይናገራል፣ በስዊዝ ፍራንክ ይገበያያል። ከዚህ በታች የሚመጡት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ይህች አገር እስከ 2022 የቤጂንግ ውድድር ድረስ በክረምት ኦሎምፒክ 10 ሜዳሊያ ሰብስባለች። 2 ወርቅ፣ 2 ብርና 6 ነሐስ ማለት ነው። አሥሩም የመጡት ከአንድ ስፖርት ነው፤ በስኪ፣ ማለትም እግር ላይ በሚታሰር ረጅም የበረዶ መንሸራተቻ፣ ከተራራ ቁልቁል ከሚወረድበት ከአልፓይን ስኪ። በበጋው ኦሎምፒክ ግን እስከ 2024 ፓሪስ ድረስ ምንም የላትም። በክረምቱ ሜዳሊያ ኖሯት በበጋው ባዶ እጇን የቀረች እሷ ብቻ ናት።

እኛ "የክረምት ኦሎምፒክ" ሲባል ስንሰማ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ቢታወሰን አይፈረድብንም። ውድድሩ ግን የሚካሄደው አብዛኛውን ጊዜ በጥር መጨረሻና በየካቲት ነው፤ እዚህ አገር በጋው ደርቆ አቧራው በሚነሳበት ወቅት። በረዶውም ከዝናብ ጋር እየወረደ ቆርቆሮ የሚደበድበው አይደለም። እንደ ዱቄት ቀስ ብሎ የሚወርደው፣ ተራራውን አልብሶ ለወራት የሚቆየው ነው።

ውድድሮቹን በአጭሩ እንያቸው። ስላሎም ማለት ጠባብ በጠባብ በተተከሉ ምሰሶዎች መሃል እየተጠማዘዙ መውረድ ነው። ጃይንት ስላሎም ላይ በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። ሁለቱም ሁለት ሁለት ዙር አላቸው፤ ሰዓቱ ይደመራል። ሱፐር ጂ (በጃይንት ስላሎምና በዳውንሂል መካከል ያለው) እና ዳውንሂል ግን አንድ ዙር ብቻ ናቸው። ዳውንሂል ከሁሉም ረጅሙና ፈጣኑ ነው። አንዴ ከተሳሳቱ ማካካሻ የለም።

ሊክተንስታይን ያላት የስኪ መንደር አንድ ነው፤ ማልቡን ይባላል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ የመኪናው መንገድ የሚያበቃበት ሸለቆ ውስጥ ነው ያለው። ሰውን ወደ ላይ የሚያወጡት ሊፍቶች በጣት ይቆጠራሉ። የስኪ መንገዶቹ በሙሉ ቢደመሩ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆኑ ነው። ጎረቤት ኦስትሪያ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ያላቸው ቦታዎች አሉ። ከአሥሩ ሜዳሊያ አምስቱ የስላሎም መሆናቸው እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። ስላሎም ትልቅ ተራራ አይጠይቅም። አንድ አጭር ዳገት፣ ጥቂት ምሰሶዎችና መቶ ጊዜ ወጥቶ መቶ ጊዜ የሚወርድ ልጅ ካለ ይበቃዋል። ዳውንሂል ግን ረጅም ተራራ ይፈልጋል፤ ማልቡን ያ የላትም።

አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ1936 ጀርመን ውስጥ በጋርሚሽ-ፓርተንኪርሽን በተካሄደው የክረምት ውድድር ነው። የኦሎምፒክ ኮሚቴዋ የተቋቋመው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። በዚያው በ1936 በርሊን ላይ በተካሄደው የበጋ ኦሎምፒክ አንድ ያልታሰበ ነገር ተከሰተ። የሊክተንስታይን ባንዲራ ከሄይቲ ባንዲራ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ቀይ። እስከዚያ ቀን ልብ ያለው ሰው አልነበረም። በ1937 ሊክተንስታይን ባንዲራዋ ላይ የወርቅ ዘውድ ጨመረችበት። ዛሬ የምናየው ዘውድ ከዚያ የመጣ ነው። ከ1936 ወዲህ በክረምቱ ውድድር ያልተገኘችው አንዴ ብቻ ነው፤ በ1952 ኦስሎ ላይ።

ለ40 ዓመት ግን ሜዳሊያ የሚባል ነገር አልነበረም። ነገሩን የቀየረው የቬንዘል ቤተሰብ ነው። ሃኒ ቬንዘል የተወለደችው ጀርመን ውስጥ ነው። ገና ሕፃን ሳለች ቤተሰቧ ወደ ሊክተንስታይን መጣ። ወንድሟ አንድሪያስ ያደገው ፕላንከን በምትባል የተራራ ጥግ መንደር ነው። ፕላንከን ከአገሪቱ 11 ማዘጋጃ ቤቶች በሕዝብ ብዛት የመጨረሻዋ ናት፤ ዛሬም ነዋሪዎቿ 500 ገደማ ቢሆኑ ነው። ሃኒ በ1974 ሴንት ሞሪትዝ ላይ በስላሎም የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ገና 17 ዓመቷ ነበር። የሊክተንስታይን ዜግነት የተሰጣት ከዚያ ድል በኋላ ነው። በ1976 ኢንስብሩክ ላይ በስላሎም ነሐስ ወሰደች። ለአገሪቱ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ይህ ነው። ቀናት ሳይቆጠሩ ቪሊ ፍሮምልት በወንዶች ስላሎም ሌላ ነሐስ ጨመረ።

ከዚያ 1980 መጣ፤ አሜሪካ፣ ሌክ ፕላሲድ። ያን ጊዜ የሴቶች አልፓይን ስኪ ሦስት ውድድር ብቻ ነበረው። መጀመሪያ ዳውንሂል ነበር። ሃኒ ከታላቋ ኦስትሪያዊት አነማሪ ሞዘር-ፕሮል ቀጥላ ገባች፤ ብር። ቀጥሎ ጃይንት ስላሎም፤ ወርቅ። በመጨረሻ ስላሎም፤ እሱም ወርቅ። ከሦስት ውድድር ሦስት ሜዳሊያ! አንድሪያስ ደግሞ በወንዶች ጃይንት ስላሎም ከስዊድኑ ኢንገማር ስቴንማርክ ቀጥሎ ብር አገኘ። ሊክተንስታይን በዚያ ውድድር በሜዳሊያ ሠንጠረዥ 6ኛ ሆና ጨረሰች። ከኖርዌይ በላይ፣ ከስዊዘርላንድ በላይ፣ ከምዕራብ ጀርመን በላይ። ያኔ የአገሪቱ ሕዝብ 25 ሺህ ገደማ ነበር። ሕዝቡ በሙሉ አዲስ አበባ ስታዲየም ቢገባ ወንበር ይተርፍ ነበር። አራቱም ሜዳሊያዎች ደግሞ የገቡት አንድ ቤት ነው። በዚያው የውድድር ዘመን እህትና ወንድም የዓለም ዋንጫን አጠቃላይ ድል፣ እሷ በሴቶች እሱ በወንዶች፣ ወሰዱ። የስኪ የዓለም ዋንጫ ክረምቱን ሙሉ ከተራራ ተራራ እየተዞረ ነጥብ የሚለቀምበት ነው። የአንድ ቀን ዕድል አያስገኘውም።

ለእኛ ይህ ነገር ባዕድ አይደለም። የዲባባን ቤት አይተናል፤ እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽ፣ ገንዘቤ፣ ከዘመድም ደራርቱ። ቤቆጂን እናውቃለን። ታላቅ ሲያሸንፍ ታናሽ "እኔስ?" ይላል። የሚሮጥበት ሜዳ ደጃፉ ላይ ነው፣ የሚያሠለጥነውም የሚያውቀው ሰው ነው። ሊክተንስታይንም ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ሜዳው ነጭና ቁልቁል መሆኑ ነው።

በ1984 ሳራዬቮ ላይ ሃኒ አልተፈቀደላትም። ከስፖንሰር በቀጥታ ክፍያ ለመቀበል የሚያስችል ፈቃድ ይዛ ስለነበር የጊዜው የአማተር ደንብ ከለከላት። ስቴንማርክም በዚሁ ምክንያት ቀረ። በሙሉ አቅሟ ላይ የነበረች ሻምፒዮን እንዲህ ቤት መዋሏ ያሳዝናል። አንድሪያስ ግን በጃይንት ስላሎም ነሐስ አመጣ፤ ኡርሱላ ኮንዜትም በስላሎም ነሐስ አገኘች። በ1988 ካልጋሪ ላይ ደግሞ የቪሊ ወንድም ፓውል ፍሮምልት በስላሎም ሦስተኛ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ። 30 ዓመት ሙሉ። በዚህ ዘመን ቡድኑን የተሸከመው ማርኮ ብዩሄል ነው። ከ1992 እስከ 2010 ባሉት ስድስት የክረምት ኦሎምፒኮች ተሰልፏል። በ1999 የዓለም ሻምፒዮና በጃይንት ስላሎም ብር አግኝቷል። የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ግን ሳይደርሰው ጫማውን ሰቀለ።

እንዲህ ያለ ቡድን ብቻውን አይቆምም። ሁለት ሦስት ሰው ይዞ አሠልጣኝ፣ ሐኪም፣ ስኪ የሚስል ባለሙያ ሁሉ ማሟላት ከባድ ነው። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ይጠጋሉ። የሃኒ ልጅ ቲና ቫይራተር የሠለጠነችው ከስዊዘርላንድ ሴቶች ቡድን ጋር ነው። ውድድር ላይ ግን ደረቷ ላይ ያለው የሊክተንስታይን ዘውድ ነው። የቲና አባት ሃርቲ ቫይራተርም የዋዛ ሰው አይደለም፤ በ1982 ለኦስትሪያ በዳውንሂል የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ነው።

ቲና ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ የታየችው በ2006 ቶሪኖ፣ በ16 ዓመቷ ነው። በዚያው ቶሪኖ ላይ አንድ የኛ ሰውም ነበር። ሮቤል ተክለማርያም በ15 ኪሎ ሜትር የሜዳ ላይ ስኪ ተወዳድሮ 83ኛ ወጣ። በክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን የወከለ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ስኪ የተማረውም ሃኒ ሁለት ወርቅ ባገኘችበት በሌክ ፕላሲድ አካባቢ ነው።

ቲና ላይ የደረሰውን ማንበብ ያደክማል። የጉልበቷ ጅማት በተደጋጋሚ ተበጠሰ። የ2010ሩ ቫንኩቨር በዚህ የተነሳ አመለጣት። በ2014 ሶቺ መክፈቻ ላይ ባንዲራ ይዛ ገባች፤ በዳውንሂል ልምምድ እግሯ ተጎድቶ አንድም ውድድር ሳትጀምር ተመለሰች። በ2017 እና በ2018 ግን የሱፐር ጂ የዓለም ዋንጫን በተከታታይ ወሰደች።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2018፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ፣ የሴቶች ሱፐር ጂ። ታላላቆቹ ወርደው ጨርሰዋል። ኦስትሪያዊቷ አና ፋይት አንደኛ፣ ቲና ሁለተኛ፣ የስዊዟ ላራ ጉት ሦስተኛ ናቸው። ሁሉም ያለቀ መስሎታል። ከዚያ 26 ቁጥር የለበሰችው የቼኳ ኤስተር ሌዴትስካ መጣች። ዋና ሙያዋ ስኖውቦርድ (ሁለት እግር በአንድ ጣውላ ላይ ታስሮ በበረዶ የሚወረድበት) ስለነበር የጠበቃት ሰው የለም። ሰሌዳው ላይ ከፋይት በ0.01 ሰከንድ ቀድማ ታየች። ራሷም ማመን አቅቷት ሰሌዳውን እያየች ደርቃ ቀረች። ሁሉም አንድ አንድ ደረጃ ወረደ። የቲና ብር ነሐስ ሆነ። ጉት ከመድረክ ወጣች፤ ከቲና የለያት እሱም 0.01 ሰከንድ ነው። በዚያ ፍጥነት ይህ በርቀት ሲለካ ከአንድ ስንዝር ብዙም አያልፍም።

አሥረኛው ሜዳሊያ በዚህ ስንዝር ተገኘ። ሰባተኛው የቬንዘል ቤት ሜዳሊያም እሱ ነው። የፍሮምልት ወንድማማቾች ሁለት አላቸው። አንዷ የኡርሱላ ኮንዜት ናት። ቲና በ2020 ስኪውን አቆመች፤ ቡድኑም ከቤጂንግ ያለ ሜዳሊያ ተመለሰ።